ከሥሩ የወጣችው ሽብልቅ

የበደለኝ ሰው ግርማቸው ይባላል። የበደለኝ በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ስሙን ከፊት ያስቀመጥኩት አንባቢ ማን ይሆን እያለ እንዳይደክም ነው።

ይህን ልጽፍ አላሰብኩም ነበር። ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጣችና "እቴቴ፣ ይኼ ሰውዬ ስለ ደብረ ብርሃን ነው የሚያወራው፤ እስቲ እዪው" አለችኝ። አየሁት። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ነጭቷል፤ ከዘራው ከወንበሩ ክንድ ጋር ተደግፋለች። አንድ ጎረምሳ ይጠይቀዋል።

"ጄት ስኪ ወደ ሰሜን ሸዋ መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ" ይላል። "እዚያ አብራኝ የምትነዳ አንዲት ልጅ ነበረች። ደህና ልጅ ነበረች። በውድድሩ ቀን ግን ፈራችና ለቀቀች። ሄዳ ከግድቡ ድንጋይ ጋር ተላተመች። ምን ይደረግ፣ ውሃ አይታ አላደገች።"

ጠያቂው ሳቀ። ሜሮንም ትንሽ ፈገግ አለች። ልጅቷ እኔ መሆኔን አታውቅም።

"ታውቂዋለሽ?" አለችኝ።

"አላውቀውም" አልኩና ስልኩን መለስኩላት።

ስለ መፍራቴ የተናገረው እውነት ነው። ያን ጊዜ ያልፈራሁበት ቀን የለም። ለቀቀች ያለው ግን ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑንም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

በዚያ ዘመን በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሉ ከመሬት በታች ነው፤ መስኮት የለውም። ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ እገባለሁ፣ ስወጣ ፀሐይዋ ጠልቃለች። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ ክፍል ያተረፍኩት አንድ ነገር ጆሮዬን ነው። ፓምፕ ሲታመም በድምፁ አውቃለሁ። ውሃ ሲስብ ያጉረመርማል፤ ውሃ አጥቶ አየር ሲስብ ደግሞ እሪ ይላል። ይህን የማነሣው ልመካ ብዬ አይደለም፣ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ግርማቸው የሰፈራችን ልጅ ነው። ቢሾፍቱ አንድ ሎጅ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ሁለት ያረጁ ጄት ስኪዎች በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለመስኖ የተሠራ ግድብ ነበር። እዚያ አወረዳቸው። በነጋታው የአካባቢው ገበሬዎች ስም አወጡላቸው፤ "የውሃ በቅሎ" አሏቸው። እውነትም ፍጥነት ሲጨመርባቸው አፍንጫቸውን ሽቅብ እያነሡ ይዘሉ ነበር። አንዱ ገበሬ ለግርማቸው "ጭነት ለምዳለች ወይስ ገና ውርንጭላ ናት?" ሲለው ግርማቸው አልሳቀም። ስለ ፓምፕ አውቃለሁ ሲባል ሰምቶ የጠራኝ በዚያ ሳምንት ነው።

ሕመማቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ትንፋሽ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የተስተካከለ ሞተር ደብረ ብርሃን ሲወጣ እንደ ቆላ ሰው ያለከልካል፤ አየሩ ስስ ነው። ነዳጁን ቀነስኩለት፣ ጭሱ ጠራ፣ ጉልበቱም ከሞላ ጎደል ተመለሰ። ሁለተኛው ዝላዩ ነው። እሱ ቀላል አልነበረም።

ጄት ስኪ ሆዱ ውስጥ ፓምፕ አለው። ውሃ ከሥሩ ይስብና ወደ ኋላ ይተፋል፤ መሪው የሚያዞረው ያንን የሚተፋውን ውሃ ነው። እጅ ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሣ የሚተፋ ውሃ የለም፣ የሚተፋ ውሃ ከሌለ መሪ የለም። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ግርማቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን የቀኝ አውራ ጣቴን ይዞ ከመያዣው ጋር አጣበቀውና "ስትፈሪ ልትለቂ ትፈልጊያለሽ" አለኝ። "ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። እንዳትለቂ። ከለቀቅሽ ወደፈራሽው ነገር ቀጥ ብሎ ነው የሚወስድሽ።"

ዋና አልችልም ነበር። አሁንም አልችልም። ግድቡ ውሃው ጥቁር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የሚለበሰውም ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በሲባጎ የተቀጠለ ነበር። አሳድጋ ለዚህ ያበቃችኝ አክስቴ እትዬ በለጥሻቸው ስትሰማ መቀመጫዋን ትታ ተነሣች።

"በቀትር ውሃ ዳር አይኬድም" አለችኝ።

"እትዬ፣ ጠዋት ነው የምንሄደው።"

"ጠዋትስ? በጋ ከክረምት የማይደርቀው ለምን ይመስልሻል? ባለቤት ስላለው ነው።"

ሳቅኩባት። ውሃው ላይ ስወጣ ግን እግሬ ሥር ያ ባለቤት የተባለው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። እየፈራሁ እነዳ ነበር። የምታገሠው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግርማቸው የቀድሞ አለቃ፣ ሰዎች ኢንጂነር የሚሉት የሎጁ ባለቤት፣ መጥቶ ሁለታችንን አወዳድሮ አንዳችንን ለቢሾፍቱ ወርክሾፕ ሊወስድ ነበር። ወርክሾፑ በር የለውም፣ በሐይቁ በኩል ክፍት ነው ብሎኝ ነበር ግርማቸው። እኔ የመስኮት ረኀብ ነበረብኝ።

ዝላዩን ያዳንኩት በሽብልቅ ነው። ከጄት ስኪው ሆድ በስተኋላ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት ታስራለች። እሷን ከኋላ ትንሽ ዝቅ ባደርጋት አፍንጫው ውሃ ላይ እንደሚተኛ ገመትኩ። ከፋብሪካው ውዳቂ ብረት ለምኜ፣ ሦስት ቀን በምሳ ሰዓቴ በሞረድ ፈግፍጌ ሠራኋት። በአንድ በኩል የትንሿን ጣቴን ያህል ትወፍራለች፣ በሌላው በኩል እንደ ቢላዋ ስል ናት። በመጨረሻው ቀን ሞረዱ አምልጦኝ አንዱን ጥጓን ጨረፍኳት፤ ጭረቱ ቀረ። ከሥሩ አስገብቼ በአራት ብሎን ሳስራት በቅሎነቱ ቀረና እንደ ጀልባ ተኛ። ኩርባ ላይ ብታጋድመው ይዞ ይዞራል።

"ላንተም አንዷን ልሥራልህ?" አልኩት።

"የኔን አትንኪብኝ" አለኝ። "እኔ በእጄ እይዘዋለሁ።"

አልያዘውም። በልምምድ ስድስት ጊዜ ስንሽቀዳደም ስድስቱንም ጊዜ ኩርባው ላይ አለፍኩት። ስንመለስ አያነጋግረኝም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነበር። ቢጫ ጀሪካኖች በድንጋይ አስረን ለመዞሪያ ምልክት ውሃው ላይ አሰናድተናል፤ ሦስት ዙር ነው። ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ይዟል። ከአልዩ አምባ ሽቅብ የወጡ ነጋዴዎችም ከነበቅሎዎቻቸው ቆመዋል። ኢንጂነሩ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ መኪናው ላይ ተደግፏል። እኔ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

"ሂጂ ብይ" አለኝ ግርማቸው። "በባዶ ሆድ ብርዱ ይጥልሻል። ነዳጁን እኔ እሞላልሻለሁ።"

ስለ እኔ ሆድ ተጨንቆ አያውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። እትዬ የቋጠረችልኝን በሶ ይዤ ከነፋስ ለመከለል ከግድቡ ጀርባ ወርጄ ተቀመጥኩ። መበጥበጡ ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ። ስመለስ ሁለቱም ጄት ስኪዎች ውሃው ላይ ወርደው ነበር። ግርማቸው እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ መዳፉ እስከ አንጓው ጭቃና ግራሶ ነው። ነዳጅ የሚሞላ ሰው ግራሶ አይነካም። አየሁት፣ ነገሩን ግን አላሰብኩትም።

ተነሣን። ገና የመጀመሪያውን ጀሪካን ሳልደርስ አፍንጫው ሽቅብ ተነሣ። ተመልሶ ውሃውን በጥፊ መታው፣ እንደገና ተነሣ። የማዕበል ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ማዕበል ግን አልነበረም፣ ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቷል። ከጎኔ ግርማቸው ተጋድሞ፣ ይዞ፣ ተኝቶለት አለፈኝ። ያ ኩርባ የኔ ኩርባ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ከግድቡ ፊት ለፊት የሚታጠፍበት ጀሪካን ጋ ስደርስ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ዘለለ። በሦስተኛው ከሥሬ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። ፓምፑ እሪ አለ። አየር ሳበ። መሪው እጄ ላይ ቀለለብኝ፣ ምንም ያልተያያዘበት ያህል። ፊት ለፊቴ ሕዝቡ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ጭነት የጫኑ በቅሎዎች። ሰው ሲሸሽ አየሁ፤ ሴትየዋ ግን አልሸሸችም፣ ደርቃ ቀርታለች። አውራ ጣቴ በራሱ ሊነሣ ፈለገ። የሰውነቴ እያንዳንዱ ክፍል ልቀቂ አለኝ። እንዲያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ፍርሃቱ ፊቴ ላይ ነበር፣ ሰው ሁሉ አይቶታል።

አልለቀቅኩም። መሪውን ወደ ግራ እንዳጠፍኩ፣ ነዳጁን እንደተጫንኩ ጠበቅኩ። ፓምፑ ድንገት ውሃ አገኘና ጨበጠ፤ ጄት ስኪው ተወርውሮ ዞረ። ከሴትየዋ አራት ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፍኩና ከግድቡ የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተምኩ።

ውሃው ውስጥ ጨለማ ነበር። ሲባጎው ተበጠሰ፣ ጃኬቱ ከላዬ ወጣ። ያወጣኝ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ጋሽ ሰይድ ይባላል፣ ነፍሱን ይማረው። የበቅሎ መጫኛ ወረወረልኝ። "ያዢ፣ የኔ ልጅ፣ ያዢው፣ ቢስሚላህ" ሲል ይሰማኛል። በአንድ እጄ ያዝኩ። ሌላው እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ለካ የትከሻዬ አጥንት ተሰብሯል።

ግርማቸው ሦስተኛውን ዙር ጨርሶ ነው የመጣው። ጄት ስኪውን ዳር ላይ ጎትቶ አጋደመና ሮጦ አጠገቤ ተንበረከከ። ድምፁን ኢንጂነሩ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ "ምነው ለቀቅሽ? ስንት ጊዜ ነግሬሽ?" አለኝ።

"ኧረ አልለቀቀችም" አለ ጋሽ ሰይድ፣ ጋቢውን እያለበሰኝ። "ወላሂ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። የለቀቁት ነገር ይጮኻል እንዴ?"

"አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት በቅሎ ነው" አለው ግርማቸው።

ሕዝቡ ሳቀ። ኢንጂነሩም ሳቀ። እኔ በጋቢው ሥር እየተንቀጠቀጥኩ አንገቴን ዞር ሳደርግ የተጋደመው የግርማቸው ጄት ስኪ ሆድ ፊት ለፊቴ ነበር። ሽብልቄ እዚያ ታስራለች። ጭረቷ ጥጓ ላይ ታበራለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር፣ ይህ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን እውነት ፈርቼ ስለነበር ነው። ፊቷ ላይ ፍርሃት የታየባት ሴት እጄ አልፈራም ብትል ማን ያምናታል? ጋሽ ሰይድ እንኳ አንዴ ተስቆበት ዝም አለ። ኢንጂነሩ "በይ እግዚአብሔር ይማርሽ" ብሎኝ ከግርማቸው ጋር ወደ መኪናው ሄደ።

ሽብልቋን ማየቴን ግርማቸው አያውቅም። ዛሬም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከአሥር ቀን በኋላ ጄት ስኪውን ወደ ቢሾፍቱ ሊጭነው መሆኑን ሰማሁ። ኢንጂነሩ እንግዶች ጠርቶ የግርማቸውን ችሎታ ሊያሳያቸው ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ግርማቸው አይሱዙ ሊፈልግ ከተማ ሲወርድ ክንዴን በነጠላ አሥሬ ወደ ግድቡ ሄድኩ። አራቱን ብሎን በአንድ እጄ ፈታሁ። ሽብልቋን አውጥቼ ብሎኖቹን መልሼ አጠበቅኩ፣ የነካሁትን ሁሉ ጠረግኩ። ቢሾፍቱ አየሩ ወፍራም መሆኑን አውቅ ነበር። ሞተሩ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ እንደሚጨምር፣ ጉልበቱ ሲጨምር ዝላዩ እንደሚብስ አውቅ ነበር። ሳያውቅ በሙሉ ፍጥነት ወደ ኩርባው እንደሚገባም አውቅ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከጀልባ ማሰሪያው ኮንክሪት ጋር መጋጨቱ ተሰማ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሜሮን ያሳየችኝ ከዘራ ከዚያ የመጣች ናት። እትዬ በለጥሻቸው "ባለቤቱ እዚያም አለ ማለት ነው" አለች። የፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼ ሥራውን ተውኩ። ከግድቡ ፍርሃት ይልቅ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ የአይሱዙ ነገር ነው፤ ተጭኖ በሰፈራችን ሲያልፍ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ግርማቸው እጁን አውለብልቦልኝ ነበር። ልጠራው እችል ነበር።

ሽብልቋ እስካለፈው ሳምንት ከልብስ ሳጥኔ ሥር ነበረች። ማክሰኞ ዕለት ዝገቷን በጋዝ ጠርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚሄድ ሰው ላክሁለት። ስሜንና ስልኬን ከላይ ጻፍኩበት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ትናንት የማላውቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሣሁም።