አጎቴ የተሳለሙት ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር ከገንዳ ውሃ ድረስ መጥቶ፣ «አባባ፣ ገላባት ስላለው አሮጌ የጡብ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያውቁት ካለ ያጫውቱኝ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የቀለድኩበት መስሎት ቅር አለው። እኔ ግን ያ ቤት ሲነሳ ትዝ የሚለኝ የአጎቴ ሽመል ነው።

ጣሊያን መተማን ሲይዝ ከአጎቴ ከታከለ ጋር ወንዙን ተሻግረን ሱዳን፣ ገላባት ገባን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቁጡ፣ ጸሎተኛ፣ ሽመል ከእጃቸው የማይለይ። ከከተማው ዳር መሬት ተከራይተን ሰሊጥ ዘራን። በጥቅምት ታጨደና ነዶው ቆመ። የማሽላ እሸት የሚደርሰውም ያን ጊዜ ነው፤ ሆዴ ደግሞ መቼም ምክር አይሰማም። አንድ ጠዋት ከነዶው አጠገብ እሳት አንድጄ እሸት ልጠብስ ተቀመጥኩ። ነፋስ ተነሳ። ከዚያ ወዲያማ ምኑን ላውራው! የዓመት ልፋታችን ቦግ ብሎ ጠፋ። ሽታው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምራቅ ያስውጥ ነበር።

«አንተ እርጉም! ዛሬስ አልምርህም!» ሲሉ አጎቴን ሰማሁ። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ባገራችን አጥፊ ሮጦ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደወል ከደወለ፣ አስታራቂ እስኪገባ ማንም አይነካውም። እኔም ከሩቅ የማውቀው አንድ ቀይ የጡብ ቤት ነበር፤ መስኮቱ ጫፉ የሾለ፣ በራፉ ላይ ትልቅ ደወል የተሰቀለበት፤ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ወደዚያ በረርኩ። አንድ እንግሊዝ ሹም የአገሩን የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ትምህርት ቤት አስመስሎ እንዳሠራው ማን ነግሮኝ! ገመዱን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ደወልኩት።

ሕፃናቱ ዕረፍት የተደወለ መስሏቸው እየጮሁ ግልብጥ ብለው ወጡ። አጎቴ ደረሱ። ሽመላቸውን ጣሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ የበሩን መቃን ተሳለሙ። ወዲያው ሱዳናዊው መምህር ኡስታዝ ኢድሪስ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ብቅ አሉ። አጎቴ ጥምጥሙን ሲያዩ ጎንበስ ብለው፣ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሏቸው።

መምህሩ አማርኛ አያውቁም። በዓረብኛ፣ «ልጅህን ልታስመዘግብ ነው?» አሉ። እኔ ከገበያ የለቃቀምኳት ዓረብኛ ነበረችኝ።

«ምን አሉ?» አሉኝ አጎቴ።

«ይቅር በለው አሉ።»

ጭሱ ወዳለበት ዘወር ብለው አዩ። ያ ሰሊጥ የዓመት ቀለባችን ነበር።

«በደወሉ ፊት ይቅር ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ንስሐውስ?»

መምህሩ አሁንም ልመዘገብ የመጣሁ መስሏቸው የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር ጠቁመው፣ ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ይምጣና ይቀመጥ አሉ። ይህን እንኳ ሳልዋሽ ተረጎምኩ። እናም ጢሜን ማብቀል የጀመርኩት ሰውዬ ጥርሳቸውን ከሚነቅሉ ሕፃናት ጋር ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

እሑድ አጎቴ ነጭ ለብሰው ሊያስቀድሱ መጡ። ልጆች የማባዣ ሰንጠረዥ በዓረብኛ ይጮኻሉ። ጠሩኝ መሰለኝ፣ ወይም ራሴ ወጣሁ፤ ብቻ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«ትምህርት ቤት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ባለ ጥምጥሙ አባትስ?»

«እስላም ናቸው።»

ሽመላቸውን ጨበጡ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንተ ቀጣፊ! ምን ላድርግ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ቃሌን ደወል ሰምቶታል፤ ደወል መቼም ደወል ነው። ግባ! ንስሐህን ጨርስ!»

ያን ዓመት እሳቸው የሰው ማሽላ እያጨዱ አበሉኝ፤ እኔ ከሰዓት ብቻ አግዛቸው ነበር።

ወጣቱ መምህር ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ቤቱ የተሠራው መቼ ነው?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! አጎቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ሞቱ፤ ያን ሰሊጥ ግን አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔ የተማርኩት ሰውዬ የልጅ ልጄ ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር እስከ ማታ እነጫነጫለሁ።