ቆላ ያልተስማማው ፕሮሰሰር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ኃላፊ ሆኖ ተቀጥሯል። "አክስቴ፣ የኮምፒዩተር ግዢውን አስቆምኳቸው! አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ሊወጣ ነው። ዲዛይኑ ሌላ ነው፤ ትናንሽ ቺፖችን ገጣጥመው ነው የሚሠሩት" አለኝ።

"የት አገር ሞከሩት?" አልኩት። ሳቀብኝ።

ወጣት ሳለሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ቤት ተቀጥሬ እተይብ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ በላይ ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። አንድ ጊዜ "የመጨረሻው ትውልድ" የተባለ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ አስመጡ። ጠዋት ጠዋት ይበር ነበር። ቀትር ላይ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት መንጣጣት ሲጀምር፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ መሃል ላይ ድርግም ይላል።

መጀመሪያ ሻጩን ረገሙ። ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ፤ የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር የሚያድረው።

"አስቴር፣ አዲሱን አውጥቶ አሮጌ የከተተበት ሰው አለ።"

"ጋሽ በላይ፣ እኔ እንኳን ልቀይረው መልኩንም አላውቀው!"

አላመኑኝም። እኔም አላመንኳቸውም፤ ሊያባርሩኝ ሰበብ የሚፈልጉ መሰለኝ። በዚያች ከተማ ሌባ ከተባልኩ ማን ይቀጥረኛል? የምወደው የጫሞ ዓሣ እንኳ አልዋጥ አለኝ። ሳስበው ግን ኮምፒዩተሩ ጠዋት ጠፍቶ አያውቅም። "ሙቀቱ ይሆናል፤ ደጋ ወስደን እንሞክረው" አልኳቸው። አጎቴ ጨንቻ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር፤ መብራት ያለው ቢሮ ነበራቸው።

ጋሽ በላይ የኮምፒዩተሩን ካርቶን ጭናቸው ላይ አድርገው በመኪና ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጡ። መንገድ ላይ ሙዝ ስሰጣቸው በአንድ እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ሌላው ካርቶኑን እንደጨበጠ ነበር።

ጨንቻ ጉም ውጧት ደረስን። ኮምፒዩተሩ ቀትርን አለፈ፤ እስክንሰለች ድረስ ሠራ። አጎቴ ጋቢውን እየሰበሰበ፣ "ይቺ ማሽን ቆላ አልተስማማትም በቃ!" አለ።

ጋሽ በላይ ይቅርታ አልጠየቁኝም። ስንመለስ ግን ካርቶኑን አንስተው እኔ ጭን ላይ አስቀመጡት። በሳምንቱ ማራገቢያ ገዝተው ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞሩት፤ እኔ በላብ ተጠመቅሁ።

ስለዚህ አዲስ ትውልድ ሲባል ዛሬም እጠረጥራለሁ። ፍጥነቱን አልክድም። ዲዛይኑን የሠሩት ሰዎች ግን የእኛን ቀትር አያውቁትም። ልጁ እየሳቀ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

"የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚያድረው?"

"እኔ ጋ" አለኝ በኩራት።