ከድር ያልመለሰልኝ ስድብ

ዛሬ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ከድርን «አንተ ጥርስ አልባ ጅብ!» ብለው፣ መልሶ በመስደብ ፈንታ አለቀሰ።

ከድር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ቀብሬ ላይ እንኳ ይሰድበኛል ብዬ የምተማመንበት ሰው ነው።

«ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?» አልኩት።

«የምርመራህን ውጤት ልጅህ ነገረችኝ» አለኝ።

ከኩላሊቴ በላይ ካለችው ዕጢ ካንሰር በቀዶ ሕክምና እንደወጣልኝ ታውቃላችሁ። እንዳይመለስብኝ የምውጠው መድኃኒት ይሠራልኝ እንደሆነ የሚጠቁም ኢንዛይም አለ ተብሎ የዕጢው ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ነበር። ውጤቱን የተቀበለችልኝ ልጄም «ውጤቱ ጥሩ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

ለካ ውጤቱ መድኃኒቱ ላይሠራልኝ እንደሚችል ነው የሚያሳየው! እኔ ምግብ የሚያስጠላኝን ኪኒን በደስታ ስውጥ ከረምኩ።

ደውዬ ስጠይቃት «እንዳይደነግጡ ብለን ነው» አለች። የካፌው አስተናጋጅ ሳይቀር ያውቃል። ዕጢው የኔ፣ ወሬው የሰፈሩ!

የከፋኝ በሽታው አይደለም። «ሌላ ምን መንገድ አለ?» ብዬ ሐኪሜን የምጠይቅበትን ጊዜ ነው የወሰዱብኝ።

ነገ ሐኪሙ ዘንድ ብቻዬን እገባለሁ፤ ልጄ ውጭ ትጠብቀኝ።

እናንተስ፣ በሽታችሁን ሰፈሩ ቀድሟችሁ ሰምቶ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።

ከድር፣ አንተ ግን ስድቤን አምጣ። አለመሞቴን የማውቀው በእሱ ነው።