ያላስቀረጽኩት ቀብር

ባለቤቴ ሰናይት በወሊድ ሞተች። ከሁለት ወር በኋላ፣ ለመዋስ ሪዘርቭ አድርጋው የነበረ የጣሊያን ፊልም እንደመጣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ላይብረሪ ተደወለልኝ። ተማሪ ሳለች ካነበበችው የቆየ ልብ ወለድ የተሠራ ፊልም ነው። ሄጄ አመጣሁትና የሁለት ወር ልጃችንን አስተኝቼ ከፈትኩት።

ፊልሙ ቀብር ላይ ሲደርስ በር ተንኳኳ። የሰናይት አክስት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ገና መግባታቸው ነው። ዓይናቸው አጥርቶ አያይም። ቴሌቪዥኑን እንዳዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። እዚህ ቀብር በቪዲዮ ተቀርጾ አገር ቤት ስለሚላክ የሰናይት ቀብር መስሏቸዋል። እኔ ግን የሷ እንዳይቀረጽ ከልክዬ ነበር።

«ፈረንጁ ሁሉ ወጣላት! የሥራ ጓደኞቿ ናቸው?» አሉኝ።

ሪሞቱን አነሳሁ።

«ያ ባርኔጣውን ያላወለቀው ደግሞ ማነው? አያፍርም! አንተስ የታለህ? አላየሁህም።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ይሄ የጣሊያን ፊልም ነው። የሷን አላስቀረጽኩም።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቴሌቪዥኑን ትንሽ አዩት።

«ታዲያ እኔ በምን ላልቅስላት?» አሉ። «በል ወደ ኋላ መልሰው።»

ቀብሩን ከመጀመሪያው ከፈትኩና አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ።