ሄስከል የሸኛቸው

አይሁዳዊው ሄስከል ሙስሌህ ከባግዳድ ሕንድ አገር ካልካታ ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይዞት የመጣው አሥራ ሁለት እንስራ የጽጌረዳ ውሃ ነው። ሦስቱ መርከብ ላይ ተሰብረው ሳምንት ሙሉ እንደ ሙሽራ ሲሸት መክረሙን እየሳቀ ይነግረን ነበር። ኋላ በጆንያ ንግድ ከበረ።

ልጅ ግን አልወጣለትም። ከባለቤቱ ከራህማ የወለዳቸው ሁለቱም ጡት ሳይጥሉ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለሰው አዋለው። ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሠራ፤ የምኩራባችንን ጣሪያ አሳደሰ። ጃፓን የበርማዋን ራንጉንን ስትደበድብ በእግር ወደ ካልካታ ከሸሹት መሀል እኔ አንዷ ነበርኩ፤ እናቴ መንገድ ላይ ቀረች። ራህማ ራሴን ላጭታ፣ ገላዬን አጥባ እንደ ልጇ አሳደገችኝ።

እንግሊዝ አገሩን ለቆ ሲወጣ የእኛም ሰው መሄድ ጀመረ፤ ገሚሱ እስራኤል፣ ገሚሱ ለንደን። የመርከብ መሳፈሪያ ያጣው ሁሉ የሄስከልን ደጅ ይጠናል። እሱም እምቢ ማለት አያውቅበትም።

«ሁሉን ሸኝተህ እኛን ማን ሊቀብረን ነው?» አለችው ራህማ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ባልረዳቸውም ልባቸው ሄዷል። ቢቀሩም እየረገሙኝ ነው» አላት።

በሕጋችን አሥር አይሁዳዊ ወንድ ካልተሟላ ለሞተ ሰው የሚባለው ጸሎት አይባልም። ሄስከልን ጨምሮ ልክ አሥር ሲቀሩ አራጃችን ኒሲም መጣ። ቆቡን እያሻሸ ቆመ።

«አጎቴ ሄስከል፣ እኔ ከሄድኩ ምን እንደሚሆን ጠፍቶኝ አይደለም።»

«ስንት ሴት ልጆች አሉህ?»

«አራት።»

«እዚህ የሚያገባቸው አለ?»

ኒሲም አቀረቀረ።

«እንግዲያው ሂድ፤ አትቆይ» አለው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ራህማ ሞተች። የክረምቱ ዝናብ እየወረደ ነበር። እኔ ከመቃብር ስፍራው በር ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ዘጠኙ ወንዶቻችን ጉድጓዱን ከበው ቆመዋል። ከቦምቤይ አሥረኛ ሰው እስኪመጣ ሬሳ አይቆይም። የምኩራባችን ዘበኛ ሙስሊሙ ራሒም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ወደ ሄስከል ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ልቁምላቸው?» አለው። ሄስከል ትከሻውን ያዝ አድርጎ አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀ። አፈሩን ያለ ጸሎት መለሱባት። ሲወጣ በአጠገቤ አልፎኝ ሄደ፤ ያየኝም አልመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያቀረብኩለትን ምግብ አይነካም ነበር ማለት ይቻላል። በዓመቱ እኔንም ወደ ለንደን ሸኘኝ። አብረን እንሂድ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «እሷን ለማን ትቼ?» አለኝ።

አራት ዓመት ቆይቶ ራሒም በጸሐፊ እጅ ያስጻፈው ደብዳቤ ደረሰኝ። ሄስከል ሞቷል፤ ራህማ ጎን ተቀብሯል። ስንት ወንዶች እንደቆሙለት ጠይቄ መልሼ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።