ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት

ስለ አባላዘር በሽታ የማያውቅ ወታደር አጋጥሞኝ አያውቅም። ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ በሰፈረ አንድ ሻምበል ውስጥ የሕክምና ረዳት ስለነበርኩ የምናገረው ያየሁትን ነው። በየሳምንቱ ከግራር ሥር እየሰበሰብኩ አስተምራቸው ነበር። ጨብጥ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ቂጥኝ ካልታከመ ምን እንደሚያደርስ፣ መድኃኒት በጅምር ከተቋረጠ በሽታው እንደሚያገረሽ፣ ስጠይቃቸው እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል። የማድላቸውን ኮንዶም ግን አቧራ እንዳይገባ እያሉ ጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ ያጠልቁት ነበር። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። ለፍተሻ የመጣ አንድ መኮንን እንዲያውም የመሣሪያችንን ንጽሕና አይቶ አመስግኖን ሄዷል።

እውቀቱን ከንቱ ያደረገው ፍርሃት ነው። የሻምበሉ አዛዥ ከወገቡ በታች የታመመ ሁሉ በቅዳሜው ግምገማ ቆሞ ራሱን እንዲያጋልጥ፣ ከዚያም በቀትር በጋለው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው ላይ እንዲንከባለል አዞ ነበር። የታመሙትን ስም የማቀርበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያቀረብኩት አንድ የወሎ ሰው ነበር። እሱ ሲንከባለል ጓዶቹ በተራ በቀበቶ ገረፉት። ቀስ ብሎ የመታ ራሱ ስለሚገረፍ ማንም አልራራለትም። ሸሚዙ ከጀርባው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በለብታ ውኃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። ከድንኳኔ ሲወጣ መሬት ላይ ተፋ። ከዚያ ወዲህ ሽንቴ አቃጠለኝ ብሎ ወደ ድንኳኔ የሚመጣ ጠፋ። የታመመ ሁሉ ወባ ነው የሚለው።

ከዚያ እኔም ታመምኩ፣ አስተማሪው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ሆንኩ። ከተማ ወርጄ መድኃኒት እንዳልገዛ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከአዛዣችን ጋር ካርታ የሚጫወት ሰው ነው። በዚያው ሳምንት አንድ አሥር አለቃ ድንኳኔ ገብቶ በሩን ዘጋና ሱሪውን ፈታ። ጨብጥ ነበር። ስሜን ከምታቀርብ እዚሁ ግደለኝ አለኝ። ያንን የወሎውን ሰው ከገረፉት አንዱ እሱ ነበርና ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለቁስል ነው ብዬ ከሳጥኑ ላወጣ የምችለው የአንድ ሰው የሰባት ቀን ካፕሱል ብቻ ነበር። የሦስቱን ቀን ለእሱ ሰጠሁት፤ የአራቱን እኔ ዋጥኩት። ይሄ አዲስ የመጣ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሕክምና ነው አልኩት። አመነኝ። አብረሃት የምትተኛትንም ሴት አሳክማት ብዬ መከርኩት። ምክር አላጣሁም።

ሴትዮዋ ከጎጃም ለሰሊጥ አረም መጥታ በዚያው የቀረች፣ ከጉምሩኩ አጠገብ፣ የጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ዳስ ጥላ ሻይ የምትሸጥ ነበረች። እንደተባለችው ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ካፕሱሏን እስከ መጨረሻው ዋጠች፣ ካርዷንም አምጥታ አሳየችው። እኔ ዳንኩ። በሦስተኛው ሳምንት እሱ አገረሸበት።

በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አንድ ወታደር እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ። ስደርስ ዳሱ ፈርሷል። ማንቆርቆሪያው ተገልብጦ የፈላው ውኃ የሴትዮዋን እግር ልጦታል። ሊገላግል የገባ አንድ ሹፌር በሰደፍ ተመትቶ አፍንጫውን ይዞ ተቀምጧል። አሥር አለቃው ፀጉሯን በግራ እጁ ጠቅልሎ ይዞ በቀኙ በቀበቶው ዘለበት ይቀጠቅጣታል። ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል። አንድ የሱዳን ነጋዴ ከሩቅ ሆኖ፣ በቃ ለማለት፣ ኻላስ፣ ኻላስ እያለ ይለምነዋል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ሲያየኝ እጁን አየር ላይ ገታ።

«ይኸው ሐኪሙ መጣ፤ እሱን ጠይቁት። እኔ ድኜ ነበር። መልሳ ያስያዘችኝ እሷ ናት። በል ንገራቸው፣ መድኃኒቱን ሙሉ አልሰጠኸኝም?»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷም ደም ካለበሰው ፊቷ ውስጥ ሁለት ዓይኖቿን ተከለችብኝ። እኔ ደግሞ ቅዳሜን አሰብኩ፤ ዋልካውንና የወሎውን ሰው ጀርባ አሰብኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

«ሙሉውን ነው የሰጠሁት» አልኩ።

እጁ ወረደ። ዘለበቱ ግራ ዓይኗ ላይ አረፈ። የፈረጠው ዓይኗ ሲፈስ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነው እኔና ሦስት ወታደሮች ተረባርበን የጣልነው። እጁን ረግጬ ስይዘው እንኳን እየተሳደበ ይራገጥ ነበር። ዓይኗን በፋሻ ጠቅልዬ ሰሊጥ በጫነ መኪና ጎንደር አደረስኳት። መንገዱን ሁሉ እጄን ጨብጣ ይዛው ነበር። እግዜር ይስጥህ ብላኛለች። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሐኪሞቹ ዓይኑ ከጥቅም ውጭ ሆኗል ብለው አወጡት።

በቅዳሜው ግምገማ አሥር አለቃው ተከሶ ሲቀርብ እኔን ምስክር አድርጎ ጠራ። ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። ተነስቼ ስለ ካፕሱሉም፣ ስለ ራሴ በሽታም፣ ገበያ ላይ ስለዋሸሁትም ተናገርኩ። አዛዡ የገዛ ቀበቶውን ፈትቶ ለአሥር አለቃው ሰጠው። ሦስት ጥርሴን አወለቀልኝ፤ ጎድኔን በጫማው ሰበረው። የሚገርመው ደስ ብሎኝ ነበር። ዋልካው ላይ ደሜን እየተፋሁ ስንከባለል፣ የእጄን አገኘሁ፣ ከእንግዲህ ነፃ ነኝ እል ነበር። በማግስቱ አሥር አለቃውን በሴትዮዋ ዓይን ምክንያት እጁን አስረው ወሰዱት።

ሴትዮዋ ከወራት በኋላ ተመልሳ እዚያው ቦታ ዳሷን ጣለች። ሄድኩ። ነጠላዋን በግራ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋለች። አግዳሚው ላይ ከሹፌሮቹ መጨረሻ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሦስቱን ቀን፣ አራቱን ቀን፣ ግምገማውን። የወለቁትን ጥርሶቼን ቦታ እንኳ አፌን ከፍቼ አሳየኋት። ብርጭቆ እያጠበች ሰማችኝ።

ስጨርስ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«ስለ ጥርስህስ ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። «ገበያ ላይ እሱ ሲጠይቅህ ዓይኔ ገና ነበረ?»

«ነበረ» አልኳት።

ብርጭቆዎቹን ደረደረች። ከአግዳሚው ጫፍ ጀምራ ለሹፌሮቹ ሁሉ ሻይ ቀዳች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን እሳቱ ላይ መለሰችው።