የዙለይካ በግ

የለተሥላሴ ቤት ደብረ ታቦር ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከዙለይካ ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። በአጥሩ መሐል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ሽንቁር አለች። ሁለቱ ሴቶች ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ እሳት ሲጫጫሩና ጨው ሲበዳደሩ የከፈቷት ናት። ዛሬ ሣር በቅሎባታል። ሰው ሲረግጠው የኖረ መሬት የተተወ እንደሆነ ሣሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይለመልማል። ለተሥላሴ ጥጧን ይዛ ደጅ በተቀመጠች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው እዚያ ሣር ላይ ነው።

ፈታይ ናት። ከይፋግ በኩል ለግንበኛው ለገብረእግዚአብሔር ተድራ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ሙያ እንዝርቷ ነበር። የዙለይካ ባል እንድሪስ ደግሞ ሸማኔ ነው። እሷ የፈተለችውን እሱ ይሸምነዋል፤ በገናም በጥምቀትም ከተማው የሚለብሰው ነጭ ልብስ ከነዚህ ከሁለቱ ግቢ ይወጣ ነበር። አንዱን ነጠላ አይታ፣ «ይኼ የኔ ክር ነው» ስትል፣ እንድሪስ፣ «ክሩስ ያንች ነው፣ የተበጠሰውን የቀጠልሁት ግን እኔ ነኝ» እያለ ያበሽቃት ነበር።

ልጅ ዘግይቶባት አንድ ወንድ ወለደች። ደምመላሽ አሉት። በወለደች በሳምንቱ ወባ ጣላትና ጡቷ ነጠፈ። ዙለይካ ያን ጊዜ ሴት ልጇን ታጠባ ነበር፤ በሽንቁሯ መጥታ ሕፃኑን ታቀፈችው። አንዱን ጡት ለልጇ፣ አንዱን ለሱ አለች። ክርስትና ከተነሣ በኋላ አንገቱ ላይ ማተብ ታሰረለት። ስታጠባው ማተቡ እንዳይቆረቁረው ወደ ጀርባው አዙራ ነበር የምታጠባው። «ደሜ» ትለዋለች። እሱም አፉን ሲፈታ ለተሥላሴን «እማዬ»፣ ዙለይካን «እማ ዙሌ» አለ። ከዙለይካ ጓዳ ስኳር እየሰረቀ ለጥጃ የሚያስልስ፣ ሲያዝ ደግሞ፣ «ጥጃዋ ናት የላከችኝ» የሚል ልጅ ነበር።

አድጎ ትምህርቱን ጨረሰ። ሥራ ግን አልነበረም። አባቱ ሞተ። ድንጋይ ተሸከመ፣ አሸዋ ጫነ፣ ዝም አለ። ለተሥላሴ ዝምታውን እንደ ጨዋነት ቆጠረችው። በፍልሰታ ጾም ሱባኤ ልትይዝ ወደ ጣራ ገዳም ወጣች። ስትመለስ ቤቱ ተጠርጓል፣ ጋኑ ውኃ ተሞልቷል፣ ልጁ የለም። በመተማ ወጥቷል አሉ።

መጀመሪያ ያደረገችው የበሶ ማሰሮዋን ከፍታ ማየት ነበር። እፍኝ እንኳ አልጎደለም። ዳቦ ቆሎው እንዳለ ነው። እናት እያለችው ያለ ስንቅ ወጥቷል። ከሱዳን ደውሎ፣ «ደኅና ነኝ» ሲላት፣ «ምን በልተህ ሄድህ?» ነበር ያለችው። መስመሩ ተቋረጠ። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችም።

ወሬው የመጣው በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው። የእህቷ ልጅ ዋልልኝ ስልኩን በእጁ እንደያዘ እያለቀሰ ቤት ገባ። በሊቢያ ባሕር ጠረፍ አክራሪዎች አንበርክከው ከገደሏቸው ክርስቲያኖች አንዱ ደምመላሽ ነው። ለተሥላሴ የስልኩን ምስል አላየችም፤ እስከ ዛሬም አላየችውም።

ድንኳን ተተከለ። አስከሬን የለ፤ ፎቶግራፉና ጋቢው ተዘርግቶ ተለቀሰ። የንስሐ አባቷ መምሬ አድማሱ መጡና፣ «ጥቁር አትልበሽ፤ ልጅሽ ሰማዕት ነው፤ አክሊል ተቀዳጅቷል» አሏት። ከየሰንበቴው የመጡት ሴቶች፣ «የታደልሽ እናት!» እያሉ ጉልበቷን ሳሙ። እልል ያለችም ነበረች። እሷ ግን ልታለቅስ የፈለገችው ለሰማዕቱ አልነበረም፤ ለዚያ ስኳር ሌባ ነበር። አፏን በከፈተች ቁጥር፣ «ተይ፣ ሰማዕትን በልቅሶ አታሳዝኝው» ይሏታል።

ዙለይካ በመጀመሪያው ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ደሜ! ደሜ!» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከበር የቆሙት ጎረምሶች፣ «እሷን ደግሞ ማን ጠራት? ገዳዮቹ የነሱ ሰዎች አይደሉም?» ሲሉ ተሰማ። ዙለይካ ሰማች። አልቅሳ ጨርሳ ወጣች። አመሻሹ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ዘነበ። ለተሥላሴ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማችው። ተነሥታ፣ «ተዉ!» ማለት ትችል ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ በዚህ አገር ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይቀምስም። ይኼ ፀብ ሆኖ ግን አያውቅም። ድግስ ያለው ሰው ለእስላም ጎረቤቱ በግ በቁሙ ይሰጣል። እነሱ በእጃቸው አርደው፣ በድስታቸው ሠርተው፣ እዚያው ዳስ ውስጥ ለብቻ ገበታ ይበላሉ። ሟችንም አብረው ያነሣሉ። ለደምመላሽ ተዝካርም ለተሥላሴ አንድ ቀይ በግ ጓሮ አሳስራ ነበር። በድካም ከአልጋ ሳትነሣ፣ «የዙለይካን ስጧት፤ እንዳትረሱ» አለች። ወደ ማታ ሴቶቹ መጥተው፣ «የላክንላትን መለሰችው፤ አልፈልግም ብላ ከበር ላይ አስቀምጣው ሄደች» አሏት።

 የልጄን ተዝካር ናቀችብኝ አለች ለተሥላሴ በሆዷ። በቃ። ከዚያ ቀን ወዲያ በሽንቁሯ ያለፈ የለም።

ክሯን ለሌላ ሸማኔ መስጠት ጀመረች። እንድሪስ ሲሞት ልቅሶውን በቁልቋሉ ማዶ ቆማ አዳመጠች፤ እግሯ ግን አልታዘዛትም። የዙለይካ ልጅ ዓረብ አገር ሄደች። ሁለቱም ግቢ አንዳንድ ሴት ቀረበት። ጠዋት ጠዋት ዙለይካ ስታስል ለተሥላሴ ትሰማለች። ያላሰለች ቀን ደግሞ እንዝርቷን አቁማ ጆሮዋን ታቀናለች።

ዋልልኝ አንዳንዴ ብቅ ይላል።

«አክስቴ፣ ይችን ሽንቁር አሁንም አልደፈኗትም?»

«እጅ የለህም? ድፈናታ።»

«እኔማ እርስዎ ይዘዙኝ ብዬ ነው። ያ ሁሉ ሆኖ...»

«ድንጋይ መወርወሩን ማን አዘዘህ?»

ዋልልኝ ወደ መሬት አየ። ሽንቁሯን አልደፈናትም፤ ከዚያ ወዲያም አላነሣትም።

መምሬ አድማሱን አንድ ቀን፣ «አባ፣ ገዳዮቹን ይቅር በይ ይሉኛል?» አለቻቸው። መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «እልሻለሁ። እኔ ራሴ ግን አባታችን ሆይን ስደግም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ላይ ምላሴ ይያያዛል። በእጄ ያጠመቅሁት ልጅ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «እነዚያን የት አግኝተሽ ይቅር ትያለሽ? ባሕር ማዶ ናቸው። እቅርብሽ ያለ የተቀየምሽው ሰው የለም?» አሏት። ለተሥላሴ ጥጧን ማፍተልተል ያዘች። እሳቸውም አልጨቀጨቋትም።

ዘንድሮ በዓለ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ የባሏ እህት ሶስና ከገጠር ልትጠይቃት መጣች። የዚያን ጊዜ ተዝካር ወጥ ቤቱን የመራችው እሷ ናት። ወሬ በወሬ ሲነሣ ሶስና ሳቅ እያለች፣ «ያች እስላሟ ጎረቤትሽስ አለች? ያን ዕለት ሥጋ ወጥ ድስት ሙሉ ልኬላት ክዳኑን ሳትከፍት የመለሰችብኝ!» አለች።

የለተሥላሴ እንዝርት መሬት ወደቀ።

«ምን? ወጥ ነው የላክሽላት?»

«ታዲያ ምን ልላክ? የዙለይካን ስጧት አላልሽም?»

«በጉንኮ ነው ያልሁሽ! ጓሮ የታሰረውን!»

«ቀዩን? እሱንማ ሰው በዛብንና አረድነው። እኛ መንደር እስላም የለ፤ እኔ ምኑን አውቄ!»

 ያጠባችው ልጅ በገዳዮች እጅ በወደቀ ሰሞን፣ ቤቷ በድንጋይ ለተደበደበች ሴት፣ የማትበላው ሥጋ ተልኮላታል። ከለተሥላሴ ቤት፣ በለተሥላሴ ስም። ዙለይካ ይህን ሁሉ ዘመን አጥሩ ማዶ ስታስል የኖረችው ይህን በሆዷ ይዛ ነው።

በማግስቱ ገበያ ወጥታ በግ ገዛች። ቀይ ፈለገች። ጎትታ ቁልቁለቱን ስትወርድ አንዷ ባለ ሱቅ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ነዎት በጉን የሚወስዱት ወይስ እሱ ነው የሚወስድዎ?» ብላ ሳቀችባት። «የቀደመ ይወስዳል» አለችና አለፈች። ሽንቁሯ ዘንድ ሲደርሱ በጉ ሣሩን አየና ቆመ፤ ንቅንቅ አልል አለ። ገመዱን እንደያዘች ብቻዋን ጎንበስ ብላ ገባች።

ዙለይካ ደጇ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እጇን ዓይኗ ላይ ከለለች።

«ማነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ለተ ነኝ። አውቀሽ ነው።»

ዙለይካ ገመዱን በዓይኗ ተከትላ አጥሩ ላይ የቆመውን በግ አየች። «ይኼስ?»

«ያንች ነው። ያን ጊዜ የቀረው።»

«ያን ጊዜማ ሥጋ ነበር የላክሽልኝ።»

«አልላክሁም። በጉን ስጧት አልሁ፣ አልጋ ላይ ሆኜ። ሶስና ባላገር ናት፤ አላወቀችም። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት። በአባቴ መቃብር!»

 «ድንጋዩንስ?» አለች ዙለይካ። «ድንጋዩንም ሶስና ናት የላከችው?»

 «ድንጋዩን ሰምቻለሁ» አለች ለተሥላሴ። «ተኝቼ ሰማሁት። አልወጣሁም።»

«መስማትሽንማ አውቃለሁ። ካንች አልጋ እኔ ጣሪያ ምን ያህል ነው?» ዙለይካ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እኔ ግን ሥጋው ሲመጣ፣ ያወቅሽብኝ ነበር የመሰለኝ።»

«ምኑን?»

«ገዳም የሄድሽ ጊዜ ደሜ በዚች ሽንቁር መጣ። እማ ዙሌ ልሄድ ነው፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ አለኝ። ባጠባሽኝ ጡት ይዤሻለሁ ብሎ አስማለኝ። ለምኜው ነበር፣ አልቅሼ ለምኜው ነበር። ሰው ልልክብሽ እችል ነበር፤ ገዳሙ ሩቅ አይደለም። ማልሁለት። ዝም አልሁ። ያ ሥጋ ሲመጣ፣ አወቀች፣ ልጄን ለሞት የሸኘሽው አንች ነሽ ስትለኝ ነው አልሁ። በምን አፌ ልምጣ?»

ለተሥላሴ ገመዱ ከእጇ ወደቀ። ታውቅ ነበር። ይች ሴት ታውቅ ነበር። ከጣራ ገዳም ሮጣ ወርዳ መናኸሪያው ላይ እግሩን ይዛ ልታስቀረው የምትችልበት ቀን ነበረ ማለት ነው።  ዞረች፤ ወደ ሽንቁሯም ተመለሰች። በጉ መግቢያውን ሞልቶ ሣሩን ይነጫል፤ የምታልፍበት አጣች። ጀርባዋን ለዙለይካ እንደሰጠች እዚያው ቆመች።

«ባዶ እጁን ነው የሸኘሽው?» አለች።

«ባዶ እጁን?» ዙለይካ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ደሜን? ገብስ ቆልቼ በሶ ፈጭቼለት፣ ቆሎ ቋጥሬለት ነው እንጂ! ዳቦውን ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልዬ በብብቱ አሲዤው ነው እንጂ!»

«በሶውን በምን አሸሽለት?» አለች ለተሥላሴ። «በቅቤ?»

«ምን ነካሽ? ፍልሰታ አልነበር?» አለች ዙለይካ። «በኑግ ነው ያሸሁለት። ጠብታ ቅቤ አላስነካሁትም። ድስቱንም በአመድ አሽቼ አጠብሁት፤ ጾሙን እንዳይገድፍ።»

ለተሥላሴ በሣሩ ላይ፣ ከበጉ አጠገብ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ዘመን የታደልሽ ሲሏት ውስጧ የቀረው ልቅሶ ያኔ መጣ። ሰማዕት አላለችም። «ልጄ፣ የኔ ሌባ» እያለች አለቀሰች። ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም። ዙለይካ ደካማ እግሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እሷም፣ «ደሜ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደምትጠራው ሁሉ።

ሲደክማቸው ልቅሶውን ተዉት። ሁለቱም ቤት ጭስ የለም፣ የሚጠራም የለም። በጉ እነሱን ዙሮ ሣሩን ሊጨርሰው ደርሷል።

«ማን ያርድልኝ ይሆን?» አለች ዙለይካ። «እንድሪስ የለ።»

«የመስጊዱን ሰው አስጠሪ። እስኪመጣ እጠብቅሻለሁ።»

«አንችስ ምን ትበያለሽ? ከዚህ አትቀምሽ።»

«ኑግ አለሽ?» አለች ለተሥላሴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «በሶ እሺልኝ። እንደሱ አድርገሽ።»